የታላቋ ካይሮ የሰፈር ፋርማሲዎች፦ የደህንነትና የአገልግሎት መመዘኛዎች

ካይሮን፣ ጊዛንና የቀልዩቢያን አጎራባች ከተሞች በምታቅፈው ታላቋ ካይሮ፣ የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰፈሩ ፋርማሲ ነው። ፋርማሲው ቀጠሮ አይጠይቅም፤ የምርመራ ክፍያም የለውም። ብዙዎቹ እስከ ሌሊት ክፍት ናቸው፤ በስልክ ለጠራቸውም መድኃኒቱን በሞተር ሳይክል ቤቱ ድረስ ይልካሉ። በሐዳይቅ ኤል-መዓዲ፣ በአርድ ኤል-ሊዋ፣ በናስር ሲቲና በ6 ኦክቶበር ከተማ ለሚኖሩና ለሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪዎችም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሕግ ቁጥር 2 የተቋቋመው አጠቃላይ የጤና መድን ሥርዓት ከፖርት ሰዒድ ተነሥቶ በየምዕራፉ የሚስፋፋ ሲሆን፣ ካይሮ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ውስጥ አልተካተተችም። በመሆኑም የመድኃኒት ወጪው በአብዛኛው የሚሸፈነው ከገዢው ኪስ ነው።

የአንድ ፋርማሲ ደህንነት በሁለት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ ፈቃድ ያለው ፋርማሲስት በስፍራው መገኘቱና እርሱ የተናገረው ለገዢው በትክክል መድረሱ። የመጀመሪያውን ሕግ ደንግጎታል። ሁለተኛው ግን በሁለት ቋንቋዎች መካከል በቀላሉ ሊጠፋ የሚችል ነገር ነው።

ከቀማሚዎች ሱቅ እስከ ዘመናዊው ሕግ

የመድኃኒት ሻጭ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት መጠየቅ ለካይሮ አዲስ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1260 ኤል-ኮሄን ኤል-ዓጣር በሚል ስም የሚታወቀው አይሁዳዊ የካይሮ መድኃኒት ቀማሚ «ሚንሃጅ ኤል-ዱካን» የተሰኘውን መጽሐፍ ጻፈ። ለልጁ ምክር እንዲሆን የተዘጋጀው ይህ መጽሐፍ ስለ ቀማሚው ሥነ ምግባር፣ ስለ ሚዛንና ልኬት፣ ስለ መድኃኒቶች ጥራት መፈተኛና ስለ አቀማመጣቸው ያስረዳል፤ ለብዙ ምዕተ ዓመታትም የሙያው መመሪያ ሆኖ አገልግሏል። በዚያው ዘመን «ሙሕተሲብ» የሚባለው የገበያ ተቆጣጣሪ ከዳቦ ጋጋሪው ሚዛን ጋር የመድኃኒት ሻጩንም ማሰሮ ይመረምር ነበር። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 ባቋቋሙት ታላቅ ሆስፒታል ውስጥም መድኃኒት የሚቀመምበት ክፍል ነበረ።

የዛሬው ሥርዓት መሠረት የፋርማሲ ሙያን የሚመለከተው የ1955 ሕግ ቁጥር 127 ነው። በዚያው ዓመት የካይሮ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ክፍል ራሱን የቻለ ፋኩልቲ ሆነ። የፋርማሲስቶች ሲንዲኬት የሚተዳደረው ደግሞ በ1969 በወጣው ሕግ ቁጥር 47 ነው።

ፋርማሲውና ኃላፊው

ሕግ ቁጥር 127 ፋርማሲን ከተራ ሱቅ የሚለየው ኃላፊነቱን በአንድ ሰው ስም ላይ በማኖር ነው። ፋርማሲ ለመክፈት ፈቃድ የሚሰጠው ለፋርማሲስት ብቻ ነው። አንድ ፋርማሲስት ከ2 ፋርማሲዎች በላይ ባለቤት ወይም ባለድርሻ መሆን አይችልም፤ ማስተዳደር የሚችለውም 1 ብቻ ነው። በአዲስ ፋርማሲና በቅርቡ ባለው ነባር ፋርማሲ መካከል ቢያንስ 100 ሜትር ርቀት ሊኖር ይገባል። የባለቤትነት ገደቡ፣ ትልልቅ የንግድ ስሞች ቢኖሩም፣ በባለቤቱ የሚመራው የሰፈር ፋርማሲ የዘርፉ ዋና መልክ ሆኖ እንዲቆይ አድርጓል።

በኢትዮጵያ አሠራር መድኃኒት የሚሸጡ ቤቶች እንደ ባለሙያው ደረጃ «ፋርማሲ» እና «መድኃኒት መደብር» ተብለው ይለያያሉ። በግብፅ ለሕዝብ መድኃኒት የሚሸጠው ቤት አንድ ስም አለው፤ «ሰይደሊያ» ይባላል። ስለዚህ ማንኛውም የሰፈር ፋርማሲ፣ ጠባብም ይሁን ሰፊ፣ በፋርማሲስት ኃላፊነት ሥር መሆን አለበት።

የፋርማሲው፣ የባለቤቱና የአስተዳዳሪው ስም በሕንፃው ግንባር ላይ በዐረብኛ በጉልህ መጻፍ አለበት። ባለቤቱ ሲሞት ወራሾች ቤቱን በሌላ ፋርማሲስት አስተዳዳሪነት ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት ስለሚፈቀድላቸው፣ በግንባሩ ላይ የሚነበበው ስም ከመደርደሪያው ጀርባ ካለው ሰው ስም ጋር ላይገጥም ይችላል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በካይሮ ልማድ ነጭ ጋዎን ለብሶ በፋርማሲ ውስጥ የቆመ ሁሉ «ዶክቶር» ተብሎ ይጠራል፤ ዕቃ አቀባዩም፣ ገንዘብ ተቀባዩም፣ ረዳቱም። መጠሪያው የሙያ ማረጋገጫ አይደለም። ረዳት የታሸገ መድኃኒት ከመደርደሪያ አውርዶ ሊያቀብል ይችላል፤ መድኃኒት መምረጥ፣ መጠን መወሰንና ማስጠንቀቂያ መስጠት ግን የፋርማሲስቱ ሥራ ነው። ገዢው ፋርማሲስቱ ራሱ እንዲያነጋግረው መጠየቁ እንደ ነውር አይቆጠርም።

ማን ይቆጣጠራል?

በ2019 በወጣው ሕግ ቁጥር 151 የግብፅ የመድኃኒት ባለሥልጣን ተቋቁሟል። መድኃኒቶችን መመዝገብ፣ ዋጋ መወሰን፣ ጥራት መመርመር፣ ችግር የተገኘባቸውን ምርቶች ከገበያ ማስወጣትና ፋርማሲዎችን መፈተሽ ከተግባሮቹ መካከል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሥልጣኑ በክትባት ቁጥጥር በ2022፣ በመድኃኒት ቁጥጥር ደግሞ በ2024 መጨረሻ ሦስተኛው የብቃት ደረጃ ላይ መድረሱን አረጋግጧል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የፋርማሲ ፌዴሬሽን በ2011 በጋራ ያወጡት የመልካም ፋርማሲ አሠራር መመሪያ አለ። መመሪያው የፋርማሲስቱን ሥራ መድኃኒት ከመሸጥ ያሰፋዋል፤ በአግባቡ ማከማቸትና ማደል፣ ታካሚው መድኃኒቱን በትክክል እንዲጠቀም መርዳት፣ ሙያዊ ብቃትን ማሳደግና ለኅብረተሰቡ ጤና ማገልገል የሥራው አካላት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምት መሠረት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች 1ዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ፈቃድ ካለው ፋርማሲ መግዛት የሚመከረው ስለዚህ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጡ የማቅጠኛ ክኒኖች፣ የቆዳ ማቅያ ቅባቶችና በግለሰብ እጅ የሚዞሩ መድኃኒቶች ምንጫቸው አይታወቅም፤ ጉዳት ቢያደርሱም ተጠያቂ አይገኝላቸውም።

ሙቀትና አቀማመጥ

በሐምሌና በነሐሴ የካይሮ የቀን ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ብዙዎቹ ክኒኖችና ሽሮፖች ግን ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እንዲቀመጡ በማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል። ኢንሱሊን፣ ክትባትና አንዳንድ የዓይን ጠብታዎች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለባቸው። በመሆኑም የአየር ማቀዝቀዣ፣ ለመድኃኒት ብቻ የተለየ ፍሪጅ፣ ቴርሞሜትርና የሙቀት መመዝገቢያ ለፋርማሲ የግድ የሚያስፈልጉ ናቸው። ምግብና የለስላሳ ጠርሙስ ከኢንሱሊን ጋር የተደባለቀበት ፍሪጅ መመዘኛውን አያሟላም። ከ2023 ክረምት እስከ 2024 ክረምት በአገሪቱ በተደረገው የመብራት ፈረቃ ወቅትም ፋርማሲዎች የቀዝቃዛ መድኃኒቶቻቸውን ደህንነት ለመጠበቅ ተጨማሪ ጥንቃቄ አስፈልጓቸው ነበር።

የገዢው ድርሻ የሚጀምረው ከበሩ ሲወጣ ነው። ኢንሱሊን በሜትሮ ወይም በሚኒባስ ረጅም መንገድ ሲጓዝ በማቀዝቀዣ ቦርሳ መያዝ አለበት፤ በረዶ ግን መንካት የለበትም። አንዴ የቀዘቀዘና በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም። በጥቅም ላይ ያለ የኢንሱሊን ብልቃጥ ወይም ብዕር ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ብዙውን ጊዜ እስከ 28 ቀን ያገለግላል፤ ትክክለኛው ቀን በእያንዳንዱ ምርት መመሪያ ላይ ይገኛል።

ዋጋ፣ ተመሳሳይና ምትክ

በግብፅ የመድኃኒት ዋጋ በመንግሥት ይወሰናል፤ በእያንዳንዱ ካርቶን ላይም ይታተማል። ገዢው የሚከፍለው በካርቶኑ ላይ የታተመውን ዋጋ ነው። ከመጋቢት 2024 የገንዘብ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ በብዙ መድኃኒቶች ላይ ጭማሪ ስለተደረገ፣ አሮጌና አዲስ ዋጋ የታተመባቸው ካርቶኖች በአንድ ጊዜ ገበያ ላይ የታዩበት ወቅት ነበር። ጥርጣሬ ሲኖር ካርቶኑን አይቶ ደረሰኝ መቀበል ይበቃል።

በዚያው ዓመት የታየው የመድኃኒት እጥረት ሁለት የዐረብኛ ቃላትን በየፋርማሲው አዘውትሮ አስነሥቷል፤ «መሲል» እና «በዲል»። «መሲል» ማለት ዋናው ንጥረ ነገር፣ መጠኑና አወሳሰዱ አንድ ሆኖ የአምራቹና የንግድ ስሙ የተለየ መድኃኒት ነው። «በዲል» ግን ለተመሳሳይ ሕመም የሚሰጥ፣ ንጥረ ነገሩ የተለየ ምትክ ነው። መሲልን ፋርማሲስቱ ሊያቀርብ ይችላል፤ በዲልን ለመቀየር ግን የሐኪሙ ፈቃድ ሊጠየቅ ይገባል። በተለይ የሚጥል በሽታ፣ የደም ማቅጠኛ፣ የልብና የታይሮይድ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪሙ ምክር ምንም ዓይነት ለውጥ ማድረግ የለበትም። በሰፈር የጠፋ መድኃኒት በመሀል ካይሮ ኢስዓፍ አካባቢ በሚገኘው የመንግሥት ፋርማሲ ሊገኝ ይችላል።

ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ሙሉ ካርቶን ትቶ አንድ ስትሪፕ፣ በዐረብኛው «ሸሪጥ»፣ ይገዛል። ይህ የተለመደ ነው። ይሁንና የመጠቀሚያ ጊዜው፣ የምርት ቁጥሩና መመሪያው በአብዛኛው ከካርቶኑ ጋር ስለሚቀር፣ ገዢው ካርቶኑን አይቶ ቀኑን ሊመዘግብ ይገባል።

ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት

ለአማርኛ ተናጋሪው ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። የግብፅ ፋርማሲስቶች መጠኑን በካርቶኑ ላይ በእጃቸው የመጻፍ ጥሩ ልማድ አላቸው፤ የሚጽፉት ግን በዐረብ አሃዝ ነው። በዚህ አጻጻፍ 5 ትንሽ ክብ በመሆኑ ዜሮ ይመስላል፤ ዜሮ ራሱ ነጥብ ብቻ ነው፤ 6 ደግሞ የተለመደውን 7 ይመስላል። 6 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ 7 ተብሎ ቢነበብ ጉዳቱ ላይከፋ ይችላል፤ 10 ጠብታና 15 ጠብታ ቢምታቱ ግን ነገሩ የሕፃን ሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በማሸጊያ ላይ የሚታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን፣ ከኢትዮጵያው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 አጋማሽ ላይ ያለ ሰው «2024» የሚል ጽሑፍ ቢያነብ 6 ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። በተጨማሪም ማሸጊያው የምርት ቀንና የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ የሚሉ ሁለት ቀኖች ስለሚይዝ፣ መፈለግ ያለበት «ኢንቲሃ» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ነው።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። «ኩል ተማን ሰዓት» ማለት በየ8 ሰዓቱ፣ በቀን 3 ጊዜ ማለት ነው። «ኤስ-ሳዓ ተማንያ» ግን 8 ሰዓት ላይ ማለት ሲሆን፣ በግብፅ አቆጣጠር የማታው 8 ሰዓት በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 2 ነው። ብዙ ፋርማሲስቶች ሰዓቱን በምግብ ያስረዳሉ፤ «ፊጣር» ቁርስ፣ «ገዳ» ምሳ፣ «ዓሻ» እራት ነው። በረመዳን ግን «ፊጣር» ፀሐይ ስትጠልቅ የሚበላው ማፍጠሪያ ስለሆነ፣ የጠዋት መድኃኒት ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል። ጾመኛ ታካሚ፣ የረመዳንም ይሁን የኦርቶዶክስ ጾም፣ መጾሙን አስቀድሞ ቢናገር ፋርማሲስቱ ሰዓቱን ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር አስማምቶ ሊመክረው ይችላል።

በየዕለቱ የሚጠቅሙ ጥቂት አባባሎች እነዚህ ናቸው፦

- «ፌን ኤድ-ዶክቶር ኤስ-ሰይደሊ?»፤ ፋርማሲስቱ የት ነው?
- «ኢክቲብሊ ኤል-ጉርዓ»፤ መጠኑን ጻፍልኝ። (ለሴት ፋርማሲስት «ኢክቲቢሊ» ይባላል።)
- «ዓንዲ ሐሳሲያ»፤ አለርጂ አለብኝ።
- «አና ሓሚል»፤ ነፍሰ ጡር ነኝ። «ባረደዕ»፤ ጡት አጠባለሁ።
- «አብል ኤል-አክል» እና «ባዕድ ኤል-አክል»፤ ከምግብ በፊትና ከምግብ በኋላ።
- «ዓውዝ ፋቱራ»፤ ደረሰኝ እፈልጋለሁ። (ሴት ስትናገር «ዓውዛ» ትላለች።)

መርፌና «የብርድ መርፌ»

በክረምት ወራት ጉንፋን የያዘው ሰው «የብርድ መርፌ» የሚባለውን ሲጠይቅ ይሰማል። ይህ መርፌ በአብዛኛው አንቲባዮቲክ፣ ኮርቲዞንና የሕመም ማስታገሻ በአንድነት የተቀላቀለበት ነው። የግብፅ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዚህ ልማድ ሕዝቡን ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያድነውም፤ ኮርቲዞን የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን ሊጎዳ ይችላል፤ የመድኃኒቶች ቅልቅልም ያልተጠበቀ ውጤት ሊያስከትል ይችላል።

በ2022 መጨረሻ በአሌክሳንድሪያ ሁለት እኅትማማች ሕፃናት በፋርማሲ ውስጥ አንቲባዮቲክ ከተወጉ በኋላ ሕይወታቸው ማለፉ በመላ አገሪቱ ትልቅ ድንጋጤ ፈጥሮ ነበር። ፔኒሲሊንና ሴፋሎስፖሪን የተባሉት የአንቲባዮቲክ ቤተሰቦች በጥቂት ሰዎች ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ የሚያሳጣና የደም ግፊት የሚጥል ከባድ አለርጂ ሊያስነሡ ይችላሉ። ያን ጊዜ ታካሚው የሚያስፈልገው አድሬናሊን፣ ኦክስጅንና የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ እነዚህ የሚገኙት በሕክምና ተቋም ነው። ስለዚህ አንቲባዮቲክ በመርፌ መሰጠት ያለበት በሐኪም ትእዛዝና ለድንገተኛ ሁኔታ በተዘጋጀ ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ነው። ይህን ምክንያት አድርጎ መርፌ አልወጋም የሚል ፋርማሲስት ለታካሚው አስቦ ነውና ሊወቀስ አይገባም።

ለጉንፋን በሚወሰዱ ክኒኖችም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፓናዶልና ኮንጀስታል ሁለቱም ፓራሲታሞል አላቸው። ሁለቱን በአንድነት የሚወስድ ሰው ለአዋቂ የተፈቀደውን በቀን 4 ግራም ሳያውቀው ሊያልፍና ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል።

በልዩ ቁጥጥር ሥር ያሉ መድኃኒቶች

በፋርማሲ ቋንቋ «ጀድወል» የሚባሉ፣ በሰንጠረዥ ተዘርዝረው በጥብቅ ቁጥጥር ሥር የሚገኙ መድኃኒቶች አሉ። ስለ አደንዛዥ ዕፆች የወጣው የ1960 ሕግ ቁጥር 182 ይመለከታቸዋል። በብዙ አገሮች እንደ ተራ የሕመም ማስታገሻ የሚታየው ትራማዶል በግብፅ ከእነዚህ አንዱ ነው። ያለ ሕጋዊ ማዘዣ መያዙ እስራት ያስከትላል። ከኢትዮጵያ ሲመጡ ለሌላ ሰው መድኃኒት ተቀብሎ በሻንጣ መያዝ፣ ወይም ከማሸጊያው የወጣ ክኒን በከረጢት ይዞ መጓዝ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ከባድ ችግር ላይ ሊጥል ይችላል። የራስን መድኃኒት ይዞ መምጣት የግድ ሲሆን፣ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋርና ለጉዞው በሚበቃ መጠን ብቻ ይሁን።

በሰው ቤት መድኃኒት ለሚሰጡ ሠራተኞች

በካይሮ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በቤት ሠራተኝነት፣ በሕፃናትና በአረጋውያን ተንከባካቢነት ይሠራሉ። ለአሠሪ እናት የስኳርና የግፊት መድኃኒት የሚያቀርቡት፣ ከፋርማሲ የመጣውንም ከረጢት በር ላይ የሚቀበሉት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው። ስሕተት ቢፈጠር በሽተኛዋ ትጎዳለች፤ ጥያቄው ግን መጀመሪያ የሚመጣው ሠራተኛዋ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡ የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠንና ሰዓት በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጽሑፉን በአማርኛ ገልብጦ በማቀዝቀዣው በር ላይ መለጠፍ፣ የተሰጠውን በየጊዜው ምልክት ማድረግና ከረጢቱን ሲቀበሉ በካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ከቀድሞው ጋር ማስተያየት ሥራውን ያቀላል። የካርቶኑ ቀለም ወይም ስም ከተለወጠ መድኃኒቱን ከመስጠት በፊት ለፋርማሲው መደወል ይገባል፤ ልዩነቱ የመሲል ወይም የበዲል ጉዳይ ሊሆን ይችላልና። ኢንሱሊን ተወግታ ምግብ እምቢ ያለች አረጋዊት ብታልባት፣ ብትንቀጠቀጥ ወይም ብትቃዥ የስኳር መውረድ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ መዋጥ የምትችል ከሆነ ጣፋጭ ነገር ሰጥቶ ወዲያው እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል።

አቤቱታና አስቸኳይ እርዳታ

ጊዜው ያለፈበት፣ የተጠረጠረ ወይም ከታተመው ዋጋ በላይ የተሸጠ መድኃኒት ሲያጋጥም፣ ካርቶኑን፣ በላዩ ያለውን የምርት ቁጥርና ደረሰኙን ማስቀመጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። አቤቱታ ለግብፅ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ15301 ይቀርባል፤ ያልተጠበቀ የጎንዮሽ ጉዳትም ለዚሁ ባለሥልጣን ሊነገር ይችላል። የሸማቾች ጥበቃ ተቋም ቁጥር 19588 ነው። ከባድ አለርጂ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ሲከሰት አምቡላንስ በ123 ይጠራል። ሕፃን መድኃኒት በስሕተት ከዋጠ ሳያስታውኩት፣ የዋጠውን ካርቶን ይዞ በዓይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ወደሚገኘው የመርዝ ሕክምና ማዕከል ወይም በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል በፍጥነት መሄድ ይገባል።

በአንድ ሰፈር ውስጥ አንድ ታማኝ ፋርማሲ ይዞ መቆየትም ጥቅም አለው። የታካሚውን አለርጂ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና የሚናገረውን ቋንቋ የሚያውቅ ፋርማሲስት ስሕተቱን ከመደርደሪያው ሳይወጣ ያስተውለዋል።